«መብራቱ ነው» ያልኩበት ምሽት

እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እየተመለስኩ ነው። ባለቤቴ «አንተን ወንበር ይጠላሃል» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚሁ ኮልፌ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ስቀምም ኖሬያለሁ፤ ሥራው በቁም ነው። ጡረታ ስወጣ ለእኔ ተነገረኝ እንጂ ለእግሬ የነገረው የለም።

ቀለም ቀማሚ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር። ፓራፋንጎው የተጋጨ መኪና ይመጣል። ብረቱን ያቃኑታል፣ በስቱኮ ይሞሉታል፣ ከዚያ ይቀባል። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ካልገጠመ መኪናው ዕድሜ ልኩን የተጣፈ ሱሪ ይመስላል። የማስገጥመው እኔ ነበርኩ። በማሽን አይደለም፣ በዓይኔ። ከየቆርቆሮው እየጨለፍኩ፣ ጠብታ ሰማያዊ፣ ጠብታ ጥቁር እየጨመርኩ፣ መጋጠሚያው እስኪጠፋ ድረስ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «ቀለም በአንድ ብርሃን አይፈረድበትም። በፀሐይ እየው፣ በጥላ እየው፣ በአምፖል እየው። በሦስቱም ከገጠመ ገጥሟል።» ይህን ሕግ ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጣስኩት። የማወራችሁ ስለዚያ አንድ ጊዜ ነው።

ቤታችን ከ18 ማዞሪያ ብዙም ሳይርቅ አስፋልቱ ዳር ነው። ድሮ መንገዱ ላይ የነበረው ቢጫው መብራት ነበር። በእሱ ሥር ቀዩ መኪና ቡናማ፣ አረንጓዴው አመድማ ይሆናል፤ ሰውም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ አንድ ሰሞን ሠራተኞች በክሬን መጡና እሱን አውርደው ነጭ ፓውዛ ሰቀሉ። ያው እንደ ልማዴ ከታች ቆሜ አንጋጥጬ አያለሁ። «ሜታል ሃላይድ ይባላል፣ አባባ። ቀለም አጥርቶ ያሳያል» አለኝ አንዱ። ለእኔ! ቀለም ያሳያል ይለኛል!

እውነቱን ነበር። ያን ሰሞን ሲመሽ እየወጣሁ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ቀለም እቆጥር ነበር። ቀዩ ቀይ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ከአጥራችን ቀጥላ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ከእኔ ብሳ ደስ አላት። ማዞሪያው ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ከሥራ የሚወጡት ሲመሽ ስለሆነ፣ በቢጫው ጊዜ የገዙትን በነጋታው «ያየሁት ይሄን አይደለም» እያሉ ይመልሱባት ነበር። «ጋሼ፣ ፀሐይ ተገዛልን እኮ!» አለችኝ እየሳቀች።

ይሁንና ይህ መብራት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። እያረጀ ሲሄድ ቀለሙ ይከዳዋል፤ የሚከዳውም በየራሱ መንገድ ነው። በአንድ ቀን ከተሰቀሉት መሃል ከደጃችን ያለው ወደ አረንጓዴ ሄደ። ከኪዮስኩ ፊት ያለው ሮዝ ሆነ። ማዞሪያው ላይ የነበረው ተቃጥሎ በአዲስ ስለተለወጠ እሱ ብቻ ጥርት ያለ ነጭ ነው። እኔ ደግሞ ያልገጠመ ቀለም ሳይ ያሳክከኛል። በእኛ ደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ወባ የያዘው ይመስላል። አቤት ልል መብራት ኃይል ሄድኩ። «አባባ፣ ይበራል ወይስ አይበራም?» አሉኝ። «ይበራል» አልኩ። «ታዲያ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «መብራቱ ነው» የአፌ ማሟሻ ሆነ። እንግዳ መጥቶ «ምነው ከሳህ?» ሲለኝ፣ መብራቱ ነው። ልጄ «ይሄ ሸሚዝ አልጠራም» ስትል፣ መብራቱ ነው። ልክም ነበርኩ፤ ጉዱ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ የሆነ ሰው መጠየቅ ያቆማል።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚህ መሃል፣ አንድ ሰኞ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነና ለወር ስለሚጠፋ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነበር፤ የታረሰችውም እኛው ቤት። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል አዘጋጀሁላት። ያ አረንጓዴ ብርሃን በመስኮት ገብቶ እንዳይረብሻት ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ በላዩ ላይ ቡናማ ብርድ ልብስ ደረብኩ። አምፖሉንም ለዓይኗ ይለስልስላት ብዬ በደብዛዛ ቢጫ ለወጥኩት። በገዛ እጄ! ባለቤቴ ደግሞ የአራስ ቤት ሕግ ጠባቂ ናት፤ በር አይከፈት፣ ነፋስ አይግባ፣ ፀሐይ አይምታ። ጴንጤዎች ስለሆንን ከአራስ ትራስ ሥር ብረት አናስቀምጥም፤ ብርድን ግን ልክ እንደ ሰይጣን ነው የምንፈራው።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ «በሦስተኛው ቀን ሕፃኗን አምጥታችሁ አሳዩን» ተብለን ነበር። ቀኑ ሲደርስ ባለቤቴ «የሦስት ቀን አራስ ይዞ ማን ነው መንገድ ለመንገድ የሚዞረው? ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» አለች። እኔም «ይሁን» አልኩ። የባለቤቴን ዓይን ስኳር አድክሞታል፤ አጠገቧ ያለውን እንኳ በዳሰሳ ነው የምታገኘው። ልጄ በምጥ ዝላ ከእንቅልፍ አትነቃም። በዚያ ቤት ውስጥ ዓይን የነበረው ሰው እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ያኑ ዕለት፣ ሐሙስ ሲመሽ፣ ጎረቤታችን በፔርሙስ አጥሚት ይዛ መጣች። «እንኳን ፈጣሪ በሰላም ገላገለሽ» ብላ ልጄን ሳመቻት። ሕፃኗን ታቀፈች፣ ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየቻት። ብዙም አልተቀመጠች። ልሸኛት ስወጣ የግቢው በር ላይ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ አራሷን እንዳላስደነግጣት ብዬ ነው እንጂ... ልጅቷ ቢጫ ሆነችብኝ።»

«መብራቱ ነው» አልኳት።

«መብራቱም አለበት። ግን የዓይኗም ነጭ...»

«መብራቱ ነው እኮ የምልሽ! አንቺም ቢጫ ሆነሻል። እስቲ እኔን እዪኝ፣ ወባ የያዘኝ አልመስልም?»

«የእህቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ ጋሼ። የወፍ በሽታ ነው ብለው...»

«በቀለም ነገር እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ሳቅ እያልኩ ነው ያልኳት፤ ነገሩ ግን ሳቅ አልነበረበትም። ሻርፗን አስተካከለችና «እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ሄደች። ልታስከፋኝ ብላ አይደለም፣ በአክብሮት ነው ያለችው። እኔ ግን ያቺን «እርስዎ ያውቃሉ» ይዤ ገባሁ፤ እንደገና ወጣሁ፤ ሌሊቱንም ስገላበጥ አደርኩ።

ዓርብ ቁጭ ብዬ መብላት አቃተኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ። ጀንበር ስትጠልቅ ነጭ ሸሚዜን ይዤ ከደጃችን መብራት ሥር ቆምኩ፤ ሸሚዙ አረንጓዴ ሆነ። «አየህ? መብራቱ ነው» አልኩ ለራሴ። ከኪዮስኩ ሎሚ ገዝቼ አገላብጬ አየሁት። ባለ ኪዮስኩ «ጋሼ፣ ሎሚው ምን ሆነብዎት?» አለኝ። «ሎሚው ደህና ነው፣ እኔ ነኝ ያልተመቸኝ» አልኩት። ሸሚዝ አየሁ፣ ሎሚ አየሁ፣ የገዛ ጥፍሬን አየሁ። ያላየኋት ሕፃኗን ብቻ ነው።

ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ያንን መጋረጃ ገልጦ ማየት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልገለጥኩም። የባለቤቴን ሕግ አክብሬ ነው እንዳልል፣ የእሷን ሕግ ስንቴ ጥሻለሁ! ፈርቼ ነው። ብገልጠውና ጎረቤታችን ልክ ብትሆንስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል፤ እኔ ሳላፍር ገና አልመለስም አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ጠራችኝ። «አባዬ፣ ጡት አልይዝ አለችኝ። ብቀሰቅሳትም መልሳ ትተኛለች።» ባለቤቴ «ብርድ መቷት ነው» ብላ ሌላ ጋቢ ደረበችባት። «ትንሽ እንያት» አልኩ እኔ። ትንሽ እንያት! ለወጉ ያህል ጋዜጣ ይዤ ሳሎን ውስጥ ተመላለስኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ጨለማው ሲወርድ ልጅቷ አለቀሰች። የሕፃን ልቅሶ አውቃለሁ፤ የእሷ ለልቅሶ እንኳ አቅም ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ገብቼ ከነጋቢዋ አነሳኋትና በሩን በርግጄ ወጣሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? በዚህ ብርድ!» እያለች ትጮኻለች። ቀኑን ሙሉ የነበረችውን ፀሐይ አባክኜ በፓውዛ ላያት ሮጥኩ።

ልክ ምሰሶው ሥር ስደርስ መብራት ድርግም አለ። ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። ከደቂቃ በኋላ የየቤቱ መብራት ተመለሰና ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ፤ ፓውዛው ግን ወይ ፍንክች። ሌላው ጠባዩ ይሄ ነው፤ እንደጋለ ከጠፋ እስኪበርድ አይበራም፣ ከበራም በኋላ ቀለሙ እስኪመለስለት ጊዜ ይወስዳል። ኪዮስኩ አምፖል ሥር ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነው የሚጠብቀው። ሕፃን ታቅፌ በጨለማ ምሰሶውን ዞርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግመው ለኖርኩት መብራት «ጌታ ሆይ፣ አብራው! አረንጓዴም ይሁን፣ ብቻ አብራው!» ብዬ ጸለይኩ።

መጀመሪያ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ያ የማውቀው አረንጓዴ መጣ። ፊቷን ገለጥኩ። ቢጫ ናት። አፌ «መብራቱ ነው» አለ። የዚያን ጊዜ ነው የሽማግሌው ሕግ ትዝ ያለኝ፤ በአንድ ብርሃን አይፈረድበትም። ወደ ኪዮስኩ ሮጥኩ። በሮዙ ሥር ገለጥኳት፤ ቢጫ ናት። ወደ ማዞሪያው ሮጥኩ፤ ረዳቶቹ እየተጣሩ፣ ሚኒባሶቹ እየዞሩ፣ በመሃላቸው አልፌ አዲሱ ነጭ መብራት ሥር ቆምኩ። የሸሚዜን እጅጌ ከጉንጯ ጎን አደረግኩ። እጅጌው ነጭ ነው። ግንባሯን በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩ፤ ቦታው እርድ የነካው መሰለ። የዓይኗን ቆብ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ውስጡም ቢጫ ነው። በሦስቱም ገጠመ።

«ውሃ በላኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የጎረቤታችን ሱቅ እዚያው ነው፤ ወጣችና አየችኝ። አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። የቆመችውን ደንበኛ ትታ ሱቋን ዘጋች፣ ኮንትራት ታክሲ አስቆመች፣ እኔን ገፍታ አስገባችኝ። በቤት በኩል አልፈን ልጄን በጋቢ ጠቅልለን ያዝናት። ባለቤቴ በር ላይ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» እያለች ቀረች። ዘነበወርቅ ሆስፒታል እስክንደርስ ጎረቤታችን የሕፃኗን እግር በእጇ እያሟሟቀች በልቧ ዱዓ ታደርግ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሕፃኗን መረመረች፣ ደም አስወሰደች፣ ከዚያ «ቢጫነቱን መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?» አለች። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ «ዛሬ። አሁን ማታ ነው ያየሁት» አልኩ። ሐኪም ፊት ቆሜ ዋሸሁ፤ የልጅ ልጄ ነፍስ በእጇ ላይ ሆና! ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ሕፃኗን ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው፣ ራቁቷን፣ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት። ቢጫውን ከሰውነቷ የሚያወጣው ይህ ብርሃን ነው አሉን። በዚያ ሰማያዊ ሥር ቀለሟ ጨርሶ አይለይም፤ ይሻላት ይባስባት በመስታወት ስመለከት አላውቅም። ነርሷ መብራቱን አጥፍታ ወደ መስኮት ስታወጣት ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ያልገለጥኩትን መጋረጃ ነርሷ በየጠዋቱ ትገልጠዋለች። ኮሪደሩን ስመላለስበት የጽዳት ሠራተኛዋ «አባባ፣ ያጸዳሁትን እኮ ነው የሚረግጡብኝ!» ብላ ተቆጣች። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ተመላለስኩበት።

ተሻላት። ስንወጣ ሐኪሟ «እንዳያችሁ ስላመጣችኋት ነው የተረፈችው። ግን ይህ ነገር ሲቆይ ጆሮ ይጎዳል፤ ስለዚህ መስማቷን እንከታተላለን» አለችን። «እንዳያችሁ» ማለቷ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁለት ቀን መቆየቷን ከእኔና ከጎረቤታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

የዚያን ጊዜ ወራት እንዴት እንዳለፉ አልነግራችሁም። ከሕፃኗ ጀርባ አጨበጭባለሁ፣ ቁልፍ አቃጭላለሁ፣ የድስት ክዳን እጥላለሁ። ባለቤቴ «ልጅቷን ልታስደነግጣት ነው!» ትላለች። እኔ እኮ እንድትደነግጥልኝ ነው የምፈልገው! አንዳንዴ ዞር ትላለች፣ አንዳንዴ አትልም፤ ባልዞረች ቁጥር ያን ቀን ምግብ አይወርድልኝም። ሐኪሟ በመሣሪያ መርምራ «ጆሮዋ ደህና ነው» ያለች ዕለት ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እፎይ ልበል ስል ሌላ ጣጣ መጣ፤ ተመሰገንኩ። ልጄ ለጠየቃት ሁሉ «የአባዬ ዓይን ባይኖር ኖሮ» ትላለች። በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተመሰከረ፤ «ጌታ የአባዬን ዓይን ከፈተ» ስትል ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ይላል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ጎረቤታችን ግን በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ? ልጅቷስ?» ትለኛለች፣ እንደ ዱሮዋ። አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ዓመት ሲሞላት ቤት ውስጥ የምስጋና ፕሮግራም አደረግን። ጎረቤታችንም ከነቤተሰቧ ተጠራች፤ ለእነሱ የሚሆነው በግ በራሳቸው ሰው ታርዶ ለብቻ ተሠርቷል። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ሆና የሸሚዜን ቁልፍ ትጎትታለች። ልጄ ተነስታ ምስክርነቷን ጀመረች፤ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው። «አባዬ እንዳያት ወዲያው አንስቷት ሮጠ» ስትል ግን ልቤ አልቻለም።

«ወዲያው አይደለም» አልኩ።

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ወዲያው አይደለም፣ ልጄ። ሐሙስ ማታ ጎረቤታችን ነግራኛለች። ‹ልጅቷ ቢጫ ናት› አለችኝ፤ ‹መብራቱ ነው› ብዬ አሳፍሬ ሸኘኋት። የሮጥኩት ቅዳሜ ነው። ለሐኪሟም ዋሽቻለሁ።»

ባለቤቴ በሹክሹክታ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች።

«ሁለት ቀን?» አለች ልጄ።

«ሁለት ቀን።»

መጣችና ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አነሳቻት፤ አንዱ ቁልፌ በልጅቷ እጅ ተበጥሶ ሄደ። ወስዳ ጎረቤታችን ጭን ላይ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ዝቅ ብላ የጎረቤታችንን ጉልበት ሳመች። ጎረቤታችን «ኧረ በአላህ፣ ተይ የኔ ልጅ! አባትሽ እኮ...» ብላ ልትከላከልልኝ ጀመረች። ልጄ አልሰማቻትም። ወደ እኔ የተመለከተ ሰው አልነበረም፤ እንጀራው ሲቀርብም ማን እንዳጎረሰኝ አላስታውስም።

ልጄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ልክ ሁለት ቀን። ምግቤን ታቀርባለች፣ ሳህኔን ታነሳለች፣ ቃል የለም። ያን ሰሞን ደግሞ ባለ ክሬኖቹ መጥተው ከደጃችን ያለውን አረንጓዴ አምፖል በአዲስ ለወጡት። ሲመሽ ወጥቼ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነጭ ነው። የማመካኝበትም አልቀረልኝ። እስከ ማዞሪያው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ክፍሌ ገባች። መጋረጃውን እስከ ዳር ገለጠችው፤ ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወረደች። እኔ እንደ ልማዴ ልነሳ ስል ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችብኝ።

«አሁን እያት» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አየኋት። ሕፃኗ ራሷ ሰልችቷት እስክትወርድ ድረስ አልተነሳሁም።